ወዝ ፍለጋ

ነሐሴ ላይ ብርድ መታኝ የሚል ሰው ብታገኙ እንዳትስቁበት፤ ምናልባት እኔ ልሆን እችላለሁ። ቶሮንቶ በነሐሴ አስፋልቷ እስኪለሰልስ ትሞቃለች። እኔ ግን ሥራ የምሄደው የዊንተር ጃኬቴን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ጃኬቱን ያዩና ፊቴን ያያሉ፤ ፊቴን ያዩና ቦታ ይቀይራሉ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከኤሲ ነው። ይህ የኤሲ ነገር የገባው ሰው ካለ እባካችሁ ያስረዳኝ። የዚህ አገር ሰው የዓመቱን ግማሽ ብርድ ገደለን እያለ ሲያለቅስ ይከርማል። ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ ቤቱ ሮጦ ይገባና መስኮቱን ጠርቅሞ ብርድ በኤሌክትሪክ ያመርታል። ያውም ከፍሎ! እኛ ደግሞ ታዲያ ታክሲ ውስጥ መስኮት ተከፈተ ብለን የምንጣላ ሕዝብ ነን። ሰዉ ታፍኖ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ አንዲት እናት ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» ካሉ አለቀ፣ ይዘጋል። ንፋስን እንዲህ ከሚፈራ ሕዝብ የተወለድኩት እኔ፣ ተምሬ ተምሬ ያገኘሁት ሥራ ንፋስ የሚተፋ ማሽን ሥር መቀመጥ ሆነ።

ሥራዬ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ታጉረው የሚኖሩበት ክፍል ውስጥ ነው። ኮምፒውተሮቹ ሙቀት አይወዱም። ስለዚህ ኤሲው ያለ እረፍት ይነፍሳል። መቆጣጠሪያው በፕላስቲክ ሳጥን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን አለቃዬን «ትንሽ ቀነስ ይደረግልኝ» ብዬ ለመንኩት።

«ማሽኖቹ ይጎዳሉ» አለኝ።

«እኔስ?»

«አንተ ጃኬት መልበስ ትችላለህ። እነሱ አይችሉም።»

ተቀምጬ አሰብኩበት። እውነቱን ነው፤ አይችሉም። በማግሥቱ ጃኬቴን ይዤ መጣሁ።

ጃኬት ግን ቆዳን ከመድረቅ አያድንም። መጀመሪያ እጄ ነጣ። ከዚያ ክርኔ፣ ከዚያ ቅልጥሜ፣ ከዚያ ፊቴ። ክንዴን በጥፍሬ ጫር ባደርገው ስሜን ከነአባቴ መጻፍ እችል ነበር። በመጨረሻ አፍንጫዬም ውስጡ ደረቀና ማሽተት አቆመ። ወተት ይበላሽ አይበላሽ ሳላውቅ የምጠጣ ሰው ሆንኩ።

እንግዲህ ፈረንጅ ቆዳው ሲደርቅ «ድራይ ስኪን» ይለውና ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። እኛ ዘንድ ግን ወዝ የሌለው ሰው አንድ ነገር ሆኗል። ወይ ታሟል፣ ወይ ርቦታል፣ ወይ ዞር ብሎ የሚያየው ዘመድ የለውም። አመዳም እየተባልን ያደግን ልጆች ይህን አንረሳም። እኔም ብቻዬን ብሆን ኖሮ አመዴን ይዤ እኖር ነበር። ችግሩ ሜሮን ነበረች።

ሜሮን እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ የምትጨርስ ልጅ ናት። ልናገባ ተስማምተናል። የቀረው አባቷ ናቸው። ጋሽ ወርቁ በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው የመጡ፣ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ተሳፋሪውን ሁሉ በመስታወት ሲመረምሩ ስለኖሩ ሰውን ፊት ለፊት ሲያዩትም በመስታወት የሚያዩት ይመስላሉ።

ቶርንክሊፍ ፓርክ ያለው ፎቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን ነው። ጎንበስ ብዬ እጄን ሰጠኋቸው። ጨበጡኝና አልለቅ አሉ። ገለበጡት። መዳፌን አዩ፣ ጀርባውን አዩ፣ በአውራ ጣታቸው ፈገፈግ አደረጉት።

«ታመህ ነበር እንዴ ልጄ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ። ኤሲ ነው።»

«ኤሲ ነው አለ» አሉ ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ አስካለ ዞር ብለው። ሴትየዋም በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ የቀረበልኝን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ያጎርሱኝ ጀመር። እየጎረስኩ ለምን እንደሚያዝኑልኝ ግራ ገባኝ።

ማታውን ሜሮን ኮል አደረገችልኝ።

«አባዬ ላይክ አድርጎሃል» አለችኝ። «በጣም።»

«ተመስገን!»

«ግን ልትሞት ነው ብሎ ያስባል።»

ጋሽ ወርቁ ያሉት ይህ ነው፦ ልጁ ጨዋ ነው፣ ንግግሩም ደህና ነው፣ ነገር ግን ወዝ የለውም፤ ወዝ የሌለው ልጅ ውስጡ ነገር አለ። ልጄን ለአስታማሚነት አልድርም። በፍልሰታ የመጨረሻዋ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምሳ ይምጣና ደግሜ ልየው። ካማረበት ሽማግሌ ይላክ፤ ካላማረበት እግዜር ይማረው።

ሐኪም ቤት ሄጄ ወረቀት ላምጣ ብል እንኳ አይሆንም። እሳቸው የሚያምኑት ዓይናቸውን ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወዝ ካላመጣሁ ሜሮን የለችም ማለት ነው።

«ሎሽን ግዛ፣ በቃ» አለችኝ ሜሮን።

ሎሽን ግዛ ማለት ቀላል ነው! መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሎሽን ብቻውን አንድ መንደር ይዟል። ለደረቅ ቆዳ አለ። በጣም ለደረቀ አለ። እጅግ በጣም ለደረቀ አለ። እኔ የትኛው ነኝ? በጣም ነኝ ወይስ እጅግ? ወዲያና ወዲህ ስል ያየችኝ ሠራተኛ መጣችና የቆዳህ ዓይነት ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ።

«የሰው» አልኳት።

አልሳቀችም። «ኖርማል ነው፣ ድራይ ነው፣ ወይስ ኮምቢኔሽን?»

ኮምቢኔሽን የማውቀው ብሉር መንገድ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ ነው። አፈርኩና ሁሉንም አውቀዋለሁ እንደሚል ሰው ራሴን ነቅንቄ ሸኘኋት። ከዚያ አንድ ሕፃን የሚስቅበት ቱቦ አየሁ። ከሕፃን የተሻለ ቆዳ ያለው ማን አለ? አነሳሁት። ቅባቱ የሕፃን መቀመጫ በዳይፐር ሲላጥ የሚቀባ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሥዕሉ ላይ ሕፃኑ ፊቱን ነው ያዞረልኝ፤ ሌላውን ቢያዞርልኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር።

ጠዋት በደንብ ተለቅልቄ ሥራ ገባሁ። ይህ ቅባት ለካ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ነጭ ሆኖ እላይ ይቀመጣል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ አየኝና «ሃሎዊን ገና ነው እኮ፤ ከአሁኑ ጭምብል አደረግክ?» አለኝ። አመድ ስባል የነበርኩት ሰውዬ ኖራ ሆኜ ዋልኩ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይሄ ነው።

አሁን ከድርን ላስተዋውቃችሁ። ከድር የደሴ ልጅ ነው፤ ዌስተን አንድ አፓርትመንት ተካፍለን እንኖራለን። የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ከኤርፖርት መሀል ከተማ እስኪደርስ የተሳፋሪውን ትዳር፣ ጨጓራና የቪዛ ጉዳይ ፈትቶ የሚያወርድ ሰው ነው። መፍትሔ የሌለው ነገር የለም። መፍትሔው ይሥራ አይሥራ ግን ተሳፋሪው ስለሚወርድ ከድር አያውቅም።

«አንተ ቅባት ምን ያደርግልሃል» አለኝ ኖራዬን አይቶ። «አየሩ ነው የደረቀው። አየሩን አርጥበው።»

«እንዴት?»

«ውሃ አስቀምጥበት። በቃ። ኤሲው ራሱ እየመጠጠ ይመልስልሃል።»

አእምሮዬ ተቀበለው። አንድ ሳፋ ገዛሁና ሥራ ቦታ ወስጄ፣ ውሃ እስከ አፉ ሞልቼ፣ ኤሲው ሥር አስቀመጥኩት። ለአንድ ሰዓት ያህል በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ከኤሲው የሚንጠባጠበው ውሃ ጨመረበት መሰለኝ፣ ሳፋው ፈሰስ አለና ወለሉ ላይ ውሃ የምትጠብቅ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ጮኸች። ያቺ ስትጮህ ሌላዋ ጮኸች። በሩ በራሱ ተቆለፈ። ቀይ መብራት መሽከርከር ጀመረ። ሁለት ጥበቃዎችና አለቃዬ ሲገቡ እኔ ጃኬቴን ለብሼ ሳፋ ታቅፌ ቆሜያለሁ።

«ውሃ?» አለ አለቃዬ። «ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ? ውሃ?»

«አየሩን ላረጥብ ነው» አልኩት።

ሊቆጣ ፈልጎ ከየት እንደሚጀምር ጠፋበት መሰለኝ፣ ሳፋውን ተቀብሎኝ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደዚያ ክፍል ስገባ የውሃ ኮዳዬ ሳይቀር ይፈተሻል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የፍልሰታዋ እሑድ ደረሰች። ወዝ የለ፣ ምን የለ። ጠዋት ተነስቼ መስታወት ፊት ቆሜ ስተክዝ ከድር የመኪና ቁልፉን ይዞ ሊወጣ ሲል አየኝ።

«ወንድሜ፣ ለምን ትሰቃያለህ?» አለኝ። «እናቶቻችን ምን ይቀቡ ነበር? ቅቤ ተቀባ።»

«ፍልሰታ ነው እኮ ከድር!»

«ብላ አልኩህ? ተቀባ ነው ያልኩህ። ፍሪጅ ውስጥ አለልህ፣ እህቴ የላከችው።» በሩን ዘግቶ ወጣ።

ፍሪጁን ከፈትኩ። ሁለት የቅቤ እቃ አለ። ከፊት ያለውን አነሳሁ። እናንተ ቀድማችሁ እወቁት፤ እኔ ግን አላወቅሁም፦ ከኋላ የነበረው ለጋ ቅቤ ነው፤ እኔ ያነሳሁት ግን ለወጥ የተነጠረ፣ ቅመሙ የተሟላ፣ እርድ የገባበት ቅቤ ነው። አፍንጫ ያለው ሰው ክዳኑ ሳይከፈት ይለየዋል። የእኔን አፍንጫ ግን ኤሲ ከወሰዳት ሰንብታለች። ቢጫ ሆኖ ባየው ጊዜ «የሣር ቅቤ ነው፣ ጥሩ ነው» ብዬ ጭራሽ ደስ አለኝ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከጀመርኩ ልክ አላውቅም። ፊቴን ተቀባሁ። አንገቴን፣ ክንዴን፣ እግሬን። ቅቤ ከተባለማ አናት ይቀራል እንዴ ብዬ ጭብጥ የምታህል አናቴ ላይ አደረግሁ። መስታወቱን አየሁ። እልል በሉ! ወዝ መጣ! ፊቴ ጠዋት ጠዋት የሚታጠብ መኪና መስሎ ያበራል። ነጭ ሸሚዜን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ወጣሁ።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አንድ ሽማግሌ ሕንዳዊ ቆመዋል። ወደ እኔ ጠጋ አሉ፣ ፈቀቅ አሉ፣ መልሰው ጠጋ አሉ። «ምግብ ቤት ነው የምትሠራው?» አሉኝ በትሕትና።

«አይ፣ ኮምፒውተር ነው የምሠራው።»

በጣም አዘኑ። ለምን እንዳዘኑ አልገባኝም። ቀጥሎ አንዲት ሴት ውሻ ይዛ መጣች። ውሻው አጠገቤ ሲደርስ ቁጭ አለ። ብትጎትተው፣ ብትለምነው፣ ቁጣም ብትሞክር አልነሳም አለ፤ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ውሾች እስከዛሬ ወደውኝ አያውቁም። ወዝ ያለው ሰው ለካ እንዲህ ይወደዳል ብዬ ኮራሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ያው ኤሲ አለ። አናቴ ላይ የነበረው ቅቤ ቀዝቅዞ ጠጠር አለ፤ ክንዴም ላይ እንዲሁ ረጋ። ወርጄ ፀሐይ ስትነካኝ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ቀለጠ። ባቡር ስገባ እንደገና ረጋሁ። ስወጣ ቀለጥኩ። ቤተ ክርስቲያን እስክደርስ ስንት ጊዜ እንደረጋሁና ስንት ጊዜ እንደቀለጥኩ እኔ አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያን የወንዶች መቆሚያ ጋ ቦታ ይዤ ቆምኩ። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ትንሽ ቆይቶ ከፊቴ ያሉት አባት ዞር አሉ። አዩኝ፣ አማተቡ፣ ተመለሱ። ከጎኔ ያለው ጎልማሳ ምራቁን ዋጠ። እንደገና ዋጠ። ከዚያ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሌላ ቦታ ሄደ። በሴቶቹ በኩል ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ የእናቷን ነጠላ እየጎተተች ጮክ ብላ «ማሚ፣ ዶሮ ወጥ አማረኝ!» አለች።

በፍልሰታ! እናትየዋ አፏን ያዘቻትና «ዝም በይ፣ ፈተና ነው» አለቻት። ብዙ ሰው አንገቱን ደፋ። ቅዳሴው ሲያልቅ ዙሪያዬ ሦስት ሰው የሚያስተኛ ባዶ ቦታ ተፈጥሯል። ፊቴ እንዲህ አብርቶ ሰዉ ስለምን ይሸሸኛል? ቀንቶብኝ ይሆን? አልገባኝም።

እንዲህ ተደናግሬ ነው ጋሽ ወርቁ ቤት የደረስኩት። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ፊቴን አዩ። ሁለቱን ትከሻዬን ያዙ።

«አስካለ! ነይ እዪው! አምሮበታል!»

እትዬ አስካለ እልልታ ቀረሽ ደስታ እያሳዩ ከኩሽና ወጡ። ሜሮን ከኋላቸው ብቅ ብላ ጠቀሰችኝ። አለቀ፣ ዳሩልኝ አልኩ በልቤ። ልብ ያለው ሰው ያን ጊዜ ቆዳውን ይዞ ይሮጥ ነበር፤ እኔ ገብቼ ተቀመጥኩ።

የቤታቸው ኤሲ የዚያን ቀን አልተከፈተም ነበር። ጋሽ ወርቁ አጠገቤ ሶፋው ላይ ተቀመጡና ስለ ሥራዬ ሊጠይቁኝ ሲሉ ቆም አሉ። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ።

«አስካለ።»

«አቤት።»

«ምንድነው የሠራሽው?»

«ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ምነው?»

«ቅቤ አስገባሽበት?»

እትዬ አስካለ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ወርቁ! በፍልሰታ? እኔን? አፈር ስሆን!» ከዚያ እሳቸውም አሸተቱ። ዓይናቸው ጠበበ። «ትናንት ብሉር ወርጄ ጓደኞቼን አገኛለሁ ብለህ ወጥተህ ነበር። ምን ቀመስክ አንተ?»

«ማኪያቶ በአጃ ወተት!»

«በአጃ ወተት እንዲህ አይሸትም!»

«ሴትዮ፣ እንግዳ ፊት ክብሬን አትንኪ!»

ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች በእኔ ፊት ተያያዙ። አንዱ ከሌላው ጋር ሲጣላ እኔ ነገሩን ለማብረድ ብዬ፣ የዋህ ስሆን፣ «ምን ሸተተ ጋሼ? እኔ ምንም አልሸተተኝም» አልኩ።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ያን ጊዜ ነው አናቴ ላይ የነበረችው ጭብጥ ለመጨረሻ ጊዜ የቀለጠችው። በጆሮዬ ሥር አድርጋ፣ በአንገቴ ወርዳ፣ ነጭ ሸሚዜ ኮሌታ ላይ ቢጫ ሆና ተዘረጋች።

ጋሽ ወርቁ ክንዴን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ። «ዓይንህን ክፈት» አሉኝ። የዓይኔን ቆብ ገልብጠው አዩ። አንገቴን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አዩ። ቢጫ!

«አላልኩም?» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። «የወፍ በሽታ ነው። ጉበቱ ነው። ጉበቱ በቆዳው እየወጣ ነው!»

«ጋሼ፣ ኧረ…»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ልጄ። ለምን ደበቅከን?»

እትዬ አስካለ ደረታቸውን መቱ። ሜሮን ጠጋ አለችኝና ጆሮዬ ሥር «ለምንድነው ቅቤ ቅቤ የምትሸተው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሕንዳዊው አባት፣ ውሻው፣ ዶሮ ያማራት ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ሌላ ነገር ጠፋብኝ፤ አሁን ምን እላለሁ? ቅቤ ነው ካልኩ በፍልሰታ ጾም ገድፌ ቅዳሴ የቆምኩ ነኝ። አይደለም ካልኩ ጉበቴ አልቋል። በየትኛውም በኩል ብሄድ ሜሮን የለችም። እናንተ የትኛውን ትመርጡ ነበር? እኔ እስካሁን አላውቅም።

«ተቀብቼው ነው ጋሼ» አልኩ።

«ምኑን?»

«ቅቤውን። አልበላሁም። ለቆዳዬ ነው። ወዝ የለህም ስላሉኝ።»

እትዬ አስካለ ቀስ ብለው መጡ። ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ዝቅ አደረጉትና አሸተቱት። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና አሸተቱት።

«ኮረሪማ» አሉ። «ኮሰረት። በሶብላ። እርዱን አብዝታዋለች፤ ማን እንዳነጠረችው እንጃ እንጂ አብሹ ግን ልክ ነው።» ቀና አሉና ለባላቸው ፈረዱ። «ወርቁ፣ ይሄ ልጅ አልታመመም። ተነጥሮ ነው።»

ሜሮን ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ኩሽና ሸሸች። ጋሽ ወርቁ ግን አልሳቁም። ነገሩ ከጉበት ወደ ሃይማኖት ተዛወረባቸው።

«ተቀባው እንጂ አልበላውም ነው የምትይኝ?»

«አልበላሁም አለ እኮ።»

«በላብ ወደ አፉ ከወረደስ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ከንፈርህን ልሰሃል?»

«አላስታውስም ጋሼ።»

«አስታውስ!»

እንዴት ብዬ ላስታውስ? ሰው ከንፈሩን ሲልስ ልብ ይላል እንዴ? እናንተ ዛሬ ከንፈራችሁን ልሳችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቆዳ ይጹም አይጹም ጋሽ ወርቁ አሰቡበት፣ እትዬ አስካለ ተከራከሩበት፣ አንዱም አልቆረጠም። በመጨረሻ ጋሽ ወርቁ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመለከቱ።

«ታጠብ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ በተጋበዝኩበት በአማቾቼ ቤት፣ እትዬ አስካለ በተገረበበው በር ግማሽ ሎሚና የዕቃ ሳሙና እያቀበሉኝ፣ ገላዬን ታጠብኩ። ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም፤ በፈላ ውሃ ፈገፈግሁት። ሸሚዜ ስለተበላሸ የጋሽ ወርቁን የድሮ የሥራ ሸሚዝ ሰጡኝ፤ ክንዱ አጭር፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ለብሼ ስወጣ ምሳው ቀርቧል።

ሎሚ፣ የዕቃ ሳሙናና የፈላ ውሃ ቆዳን ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ። ገበታው ላይ እጄን ስዘረጋ ክንዴ አመድ ሆኗል። እንደ ድሮው እንኳ አይደለም፣ ከድሮው ብሷል። ክርኔ ተሰነጣጥቋል። እጄን ከጠረጴዛው ሥር ልደብቅ ስል ጋሽ ወርቁ አዩት። የቆረሱትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡ።

«ልጄ» አሉ። እንዲህ ለስለስ ብለው ሲጀምሩ ነው የፈራሁት። «ጨዋ ልጅ ነህ። ለእሷ ብለህ ይህን ሁሉ ሆነሃል፣ አይቻለሁ። ነገር ግን አባት ነኝ…»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ የሰው ሸሚዝ ለብሼ ተቀምጬ ዕንባዬ መጣ። በአንድ ኤሲ የተነሳ ሜሮንን ላጣ ነው። ማንን ልክሰስ?

ሜሮን ከወንበሯ ተነሳች። ቦርሳዋን ከፍታ ትንሽ የሎሽን ቱቦ አወጣች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። አባቷ ፊት! እናቷ ፊት! እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ከደኑ። እኔ እጄን ልነጥቃት ብሞክር አልለቅ አለችኝ። ከጣቶቼ ጀመረች፤ አንድ በአንድ፣ በመሀላቸው ሳይቀር። ከዚያ የእጄን ጀርባ፣ ከዚያ ክንዴን፣ ከዚያ ያን የተሰነጣጠቀ ክርኔን። አንገቴን ከደፋሁበት ቀና ማለት አቃተኝ።

«ሜሮን» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ይደርቃል አባዬ» አለች ሥራዋን ሳታቆም። «አልታመመም። ይደርቃል፣ እኔ እቀባዋለሁ። ዊንተርም ሰመርም። ኢትስ ኦኬ።»

ጋሽ ወርቁ ልጃቸውን አዩ። እጄን አዩ። ባለቤታቸውን አዩ፤ የእትዬ አስካለ ዓይን ረጥቧል። ሽሮው ቀዘቀዘ። ተቆጥተው ይሁን ተደስተው ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም።

«ሽማግሌ ላክ» አሉ።

«እሺ ጋሼ።»

«ጾሙ ሲፈታ።»

«እሺ ጋሼ።»

«አንተ አብረህ አትመጣም፤ ወጉ አይደለም።»

«እሺ ጋሼ።»

እንጀራቸውን ቆረሱ፣ ምስር ጠቀለሉ፣ ሊጎርሱ ሲሉ እጃቸውን አየር ላይ አቆሙ።

«ሽማግሌዎቹንም» አሉ፣ «ምንም ነገር እንዳትቀባቸው።»